መምህራችንን በገል ያባረርንበት ቀን

የልጅ ልጄ ማህሌት ስድስተኛ ክፍል ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ትምህርት ቤት ትማራለች። ባለፈው ግንቦት በአንዱ ማለዳ ነጭ የአልጋ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ቋጥራ፣ ከወርቃማ ወረቀት የተቆረጠ የቅጠል አክሊል ደፍታ ከመኝታ ቤቷ ወጣችና «እማማ፣ ዛሬ ግሪክ ዴይ ነው። ማሚ ሥራ ገብታለች፤ ዩ ሃቭ ቱ ከም» አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት። ስፖርት የሚሠሩበትን አዳራሽ አቴና አድርገውት ጠበቁን። ከካርቶን የተሠሩ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የወይራ ፍሬ፣ አይብና የወይን ዘለላ ቀርቧል፤ ልጆቹ አማልክት ሆነዋል። አንዱ የካርቶን መብረቅ ይዟል፣ አንዷ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ጉጉት አሰፍታለች፣ ሌላው የባሕሩን አምላክ ሹካ እያወዛወዘ ጓደኞቹን ያሯሩጣል። ደስ ይሉ ነበር።

ቀጥሎ አስተማሪያቸው፣ ገና ወጣት ናት፣ እንደ ሸክላ ስባሪ የተቀዳደደ ቡናማ ወረቀት አደለቻቸው። የጥንት አቴናውያን እየተሰበሰቡ፣ ለከተማችን ያሰጋል የሚሉትን ሰው ስም በገል ላይ እየጻፉ ለአሥር ዓመት ከአገር ያስወጡ እንደነበር ነገረቻቸው። ልጆቹ እየተሳሳቁ ጻፉ። ባለ መብረቁ ልጅ ተመረጠ። እጅ ነስቶ በአንደኛው በር ወጣና በሌላኛው በር ተመልሶ ኬክ ለመብላት ተሰለፈ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የኔ እጆች ግን ጭኔ ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ። ማህሌት ፊቴን አየችና «እማማ፣ ዋይ አር ዩ ክራይንግ?» አለችኝ። «አለርጂ ነው» አልኳት። በዚህ አገር ግንቦት ላይ ይህ መልስ ማንንም ያሳምናል።

እኔ ያደግሁባት ከተማ ከሸዋ ወደ ወሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ብርዷ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ከፊታችን የሚሄደውን ሰው በኮቴው ነበር የምንለየው። አስፋልቱ ዳር የጭነት መኪናዎች የሚያድሩበት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ሹፌሮች የሚበሉበት ሆቴል አለ፤ የሆቴሉ ሸክላ ማጫወቻ ከሰዓት በኋላ ሲከፈት ዘፈኑ እስከ ትምህርት ቤታችን አጥር ይሰማል። ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ጓደኛውን ሻይ በዳቦ ጋብዞ የልብ ሰው ይባላል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ለልብስ ሰፊው ወስደው ከጉልበት በታች እንደ ቃጭል ያሰፉት ነበር፤ ጭቃ ሲሆን ጫፉን በእጃቸው ሰብስበው እንደ ሴት ቀሚስ ይዘው ይሻገራሉ፤ እኛ እንስቃለን። እኛም ብንሆን ከጉልበት ከፍ ያለውን ቀሚሳችንን ቤት ስንደርስ ወደ ታች እየጎተትን ነበር የምንገባው። ሹራባችንን ራሳችን እንሠራዋለን። የኔ ሹራብ ቢጫ ነበር፤ ክሩ አልቆብኝ አንዱ እጅጌ ቡናማ ሆኖ ቀረ።

አቶ በላቸው ወደዚህች ከተማ የመጡት ከዩኒቨርሲቲ በወጡ በዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክርናቸው ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮርዱሮይ ጃኬት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በብስክሌት ይመጣሉ፤ ሲወርዱ የሱሪያቸውን ጫፍ የያዘውን መቆንጠጫ ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ኪሳቸው ውስጥ እያቃጨለ ይሰማን ነበር። ታሪክ ነው የሚያስተምሩን። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ታሪክ ማለት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን መገልበጥ ነበር። እሳቸው በመጀመሪያው ሳምንት ወንበሮቹን ዙሪያውን አስደርድረው ባርኔጣቸውን መሐል ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣው ውስጥ ባቄላ አለ፤ አንዷ ብቻ ነጭ ናት፣ ሌሎቹ ጥቋቁር። «በአቴና ሹመት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በዕጣ ነበር» አሉን። «ነጩ የደረሰው ሰው ለአንድ ሳምንት የክፍል አለቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወርዶ ሌላው ይወጣል።»

ደምሰው ወዲያው እጁን አወጣ። ደምሰው በርበሬና ጨው እየቸረቸሩ የሚያሳድጉት የወይዘሮ የሺ ልጅ ነው። አባቱ ሞተዋል። ቀይ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ክርክር ካልጀመረ ትምህርት የተጀመረ የማይመስለው ልጅ ነበር። «ቲቸር፣ በዕጣ ከሆነ እኮ ደንቆሮ ሊመራን ይችላል» አለ።

«ደንቆሮው የሚመራህ አንድ ሳምንት ብቻ ነው» አሉት። «ለዘላለም አልወርድም ከሚል ሊቅ እሱ አይሻልህም?»

ክፍሉ ሳቀ። ይህች መልስ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ይዛ እንደምትመጣ ማን አወቀ?

እኔም ዝም የምል ልጅ አልነበርኩም። ስለ አቴና ጉባኤ ሲያስረዱን፣ ሕዝቡ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተሰብስቦ፣ ጫማ ሰፊውም ዓሣ ሻጩም ተነስቶ እንደሚናገር ሲነግሩን ተነሳሁና «ሴቶችስ?» አልኳቸው።  «ሴቶች አይገቡም ነበር። ባሪያዎችም አይገቡም» አሉ። «ታዲያ ምኑን ሕዝብ ሆነ?» አልኩ። መቆንጠጫውን ኪሳቸው ውስጥ አቃጨሉት፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው «ይህን ጥያቄ ሁላችሁም ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። መልሱን እኔም ጽፌ አመጣለሁ» አሉ። በማግስቱ ገጽ ሙሉ ጽፈው መጡ። እንደዚያ ያለ አስተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ዓርብ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የተረት ነበር። ያን ጊዜ ደብተር ይከደናል። እሳትን ከአማልክት ሰርቆ ለሰው ልጅ ስለሰጠውና ተራራ ላይ ታስሮ ስለቀረው ፕሮሚቴየስ፣ ልጇን የሙታን ንጉሥ ጠልፎ ወደ ምድር ሆድ ስለወሰደባት ስለ እህል እናት ስለ ዴሜተር ነገሩን። ዴሜተር ችቦ ይዛ አገር ላገር ስትዞር፣ ልጄን አይታችኋል ወይ ስትል፣ ምድሪቱ ከሷ ጋር አዝና እህል አላበቅልም ስትል ሴቶቹ እንባችን ይመጣ ነበር። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ጣዖት አይደለም ወይ? የንስሐ አባታችን ቢሰሙ ንስሐ ያስገቡናል» ሲላቸው «አታምልኩ አድምጡ። እነዚህ ሰዎች የሚፈሩትንና የሚወዱትን በሙሉ ስም ሰጥተውታል። እኛም የምንፈራው ያንኑ ነው» አሉ።

ሰው በገል እንዴት እንደሚባረርም አስተምረውናል። ለዚህ ታሪክ ዋናው ግን ሌላ ትምህርት ነው። በአቴና ጉባኤ ላይ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ስሙ ከሐሳቡ ጋር ይጻፋል። ውሳኔው መጥፎ ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ ነው። «ለዚህ ነው ድንጋዩ ላይ በተቀረጸው ሕግ ሁሉ ራስጌ እገሌ ሐሳብ አቀረበ የሚል የምታገኙት» አሉን። «ሐሳብ ባለቤት ያስፈልገዋል።»

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆቴሉ ሸክላ ማጫወቻውን አቁሞ በድምፅ ማጉያ መዝሙር ያሰማ ጀመር። ቃጭል ሱሪው ጠፋ፤ ሁሉም ካኪ ለበሰ። አፍሮ ያሳደጉት ልጆች አንድ ቀን ተላጭተው መጡ። ከኛ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች እየሳሱ ሄዱ። ገሚሱ ወደ ጫካ፣ ገሚሱ ወደማይነገር ቦታ። አቶ በላቸው ግን በብስክሌታቸው እየመጡ ባርኔጣውን መሐል ላይ ማስቀመጥ አልተዉም። ማን እንደተናገረባቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ደወል ተደወለና ሁላችንም ወደ አዳራሽ ተጠራን።

አቶ በላቸው ፊት ለፊት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከበስተኋላቸው ቆመዋል። ስብሰባውን የሚመራው የቀበሌው ሊቀመንበር የቀድሞ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ግማሻችንን ክትባት የወጋን ሰው። ሴት ልጁ ከኛ ጋር ትማራለች። ፊቱ ላብ አቸፍችፎበታል። «ይህ ሰው ለዘላለም የሚመራ መሪ መጥፎ ነው፣ በገል ይባረራል ብሎ አስተምሯችኋል» አለ። «ነገ ጠዋት ከአውራጃ ጓድ ይመጣሉ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የተማሪው አቋም መታወቅ አለበት። ያስተማረው ልክ ነው የሚል እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

«ጥፋተኛ ነው የሚልስ?»

አሁንም ማንም አላወጣም። ከአውራጃ የሚመጣውን ሰው ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። የሄደበት ትምህርት ቤት ሁሉ ምን ጥሎ እንደሚመለስ እናውቃለን። አቶ በላቸው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን እጃቸውን ይመለከታሉ። ያኔ ነው ደምሰው ከመሐል የተነሳው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ስሜ ይጻፍልኝ» አለ።  «ይሄ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አቴና አቴና እያለ አደንቁሮናል። በራሱ ሕግ ይዳኝ። በገል ድምፅ እንስጥ። ስሙ ከበዛ ዛሬውኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ ከተማ ይውጣ፤ አሥር ዓመት እንዳይመለስ። ተማሪው ራሱ ፈርዶ ካባረረው፣ ነገ የሚመጡት ጓድ በዚህ ሰው ምን ይደክማሉ?»

 ከሁላችንም አብልጠው የሚወዱት ልጅ ነበር። አቶ በላቸው ቀና ብለው አዩት። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ሊቀመንበሩ በመስኮት ወደ ውጭ ብዙ አየ። ከዚያ በመሐረብ ፊቱን ጠረገና «ሰፊው ተማሪ ከፈረደ፣ አብዮቱም የሚለው ይህንኑ ነው» አለ። «ፈጠን በሉ።»

ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ የተሰበሩ የውሃ እንስራዎች ክምር ነበር። ገል ለማምጣት ወደዚያ ወጣን። ደምሰው ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ደርሼ ክንዱን ያዝኩት።

«ይሁዳ!» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺና ስሚኝ» አለ፤ ፊቱን አላዞረም። «ነገ ሰውዬው ሲመጣ ቲቸር እዚህ ከተገኙ አበቃላቸው። ዛሬ ከወጡ ይተርፋሉ። የሚወዳቸው ሁሉ ስማቸውን ይጻፍ። ለጎንሽ ንገሪ፣ ጎንሽ ላለችውም ታስተላልፍ።»

 እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «እጄ አይጽፍም» አልኩት።

«በግራሽም ቢሆን ጻፊ።»

«እሳቸውስ? ጠሉኝ ብለው ቢሄዱስ?»

እጁ ላይ ያለውን ገል አፈር አራገፈለት። ለአፍታ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። «ይሂዱ እንጂ፣ ጠሉኝ ብለውም ይሂዱ» አለ።

ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። ገሚሱ በከሰል፣ ገሚሱ በምስማር ጻፈ። የኔ ገል የእንስራ አንገት ነበር፤ ጎባጣ ስለሆነ ፊደሉ አልገጥም እያለኝ ሁለቴ አጥፍቼ ጻፍኩት። አዳራሽ ተመልሰን እየተሰለፍን ጆንያ ውስጥ ጣልን። ሊቀመንበሩ አንድ በአንድ እያወጣ ያነብ ጀመር። «በላቸው። በላቸው። በላቸው።» ከኋላ አንዷ ልጅ ስቅስቅ አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። «በላቸው። በላቸው።» ወንዶቹም ሳይቀሩ እጅጌያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ግራ ገብቷቸው ይተያዩ ነበር። ሊቀመንበሩ ጆንያውን እስከ መጨረሻው ሳያራግፍ «በቃ፣ ተፈርዷል» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ሲመጣ አስፋልቱ ዳር ቆመን ነበር፤ ልንሸኝ የመጣን እንዳንመስል ፓስቲ ገዝተን። አቶ በላቸው አንዲት ሻንጣ ይዘው በመሐላችን አለፉ። ወደ ማናችንም አላዩም። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ሲገባ የያዝኩት ፓስቲ እጄ ውስጥ ፈርሶ ነበር።

በማግስቱ ሰውዬው መጣ። እንደገና አዳራሽ ገባን። ሊቀመንበሩን ሁላችንም ፊት አዋረደው፤ ከዚያ ወደኛ ዞሮ «ይህን ያቀደው ማነው?» አለ። ሁላችንም ገል ላይ ጽፈናል፤ ሁላችንም አቅደናል ማለት እንችል ነበር። ልንል ይሆን አይሆን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልሰጠንም። ደምሰው ተነሳ። «ሐሳቡ የኔ ነው። ትናንት ስሜን አስጽፌያለሁ» አለ።

ይዘውት ሄዱ። እናቱ ወይዘሮ የሺ አውራጃው ከተማ ድረስ ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ። በእግር ሄደው በጭነት መኪና ይመለሳሉ፤ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ አገልግሉን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። የጮኹትን ጩኸት አብሬያቸው ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ። የዴሜተርን ተረት ከዚያ ወዲህ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለልጄም ለልጅ ልጄም።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሱዳን አድርጌ ወጣሁ። ሕይወት እንደማንም ሰው ወሰደችኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር በሚደረስባት አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ለብዙ ዓመት አልጋ አነጠፍኩ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ልጄ ስትወልድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሷ ጋር ገባሁ። ያ አውቶቡስ የት እንደደረሰ ግን ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የግሪክ ዴይ ዕለት የቆጠቆጠኝ ነገር አልለቅ ቢለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሮክቪል ለምትኖረው ወዳጄ ለአልማዝ አወራኋት። ገና ሳልጨርስ «በላቸው? ታሪክ አስተማሪ የነበሩት?» አለችኝ። «እህቴ አሌክሳንድሪያ እሳቸው ሕንፃ ላይ እኮ ነው ያለችው! ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።» መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት አልጋ ካነጠፍኩበት ሆቴል ጥቂት መንገድ ላይ ነበሩ።

ኮል ያደረግሁ ዕለት ድምፃቸው ቀጥኖ መጣ። «ማን ልበል?»

«ጸዳለ ነኝ፣ ቲቸር። ተማሪዎ ነበርኩ።»

  «ሴቶችስ ያልሽው ጸዳለ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ያዝኩ፣ ወደ ቢጫው ቀየርኩ፣ ኪንግ ስትሪት ወረድኩ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ኮረብታው ላይ ባለ ምሰሶው ትልቅ ሕንፃ ይታያል፤ ስንት ዓመት ከሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ልጃቸው መኪና ይዞ ጠበቀኝ። አርባን ያለፈ፣ ጨዋ፣ አማርኛው ቀስ የሚል ሰው ነው። «ዴሚ እባላለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «አባቴ ከትናንት ጀምሮ ሂ ካንት ሲት ስቲል።»

አቶ በላቸው በምርኩዝ ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰማንያን ሊደፍኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሱኝ፤ ተያይዘን ብዙ ቆምን። ስንቀመጥ ያሳለፉትን ነገሩኝ። ከሱዳን ወደ ግሪክ ተሻግረው አቴና ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠቡ። ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያ ነው፣ ነፍሷን ይማር፤ ልጃቸውም የተወለደው እዚያ ነው። «የመጀመሪያዋ የዕረፍት ቀኔ ላይ ጉባኤው ይደረግበት የነበረው ኮረብታ ላይ ወጣሁ» አሉ። «ምንም የለም። ዝናብ የበላው የድንጋይ መድረክ፣ ሣር፣ ፀሐይ የሚሞቁ ድመቶች። ከዚያ ሙዚየም ሄድኩ። ገሎቹ መስተዋት ውስጥ ናቸው፣ ጸዳለ። ስሞቹ ዛሬም ይነበባሉ። እግሬ አልሸከም ስላለኝ ጠባቂዋ የራሷን ወንበር አመጣችልኝ።»

ጊዜው አሁን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን ጠሉኝ ብለው ነበር የሄዱት?»

«ደምሰው ሲናገር አዎ፣ ልቤ ተሰብሮ ነበር» አሉ። «ስሜ ሲነበብ ግን ከኋላ ታለቅሱ ነበር። የሚጠላ ሰው አያለቅስም። በረሃውን ያቋረጥኩት ያንን ልቅሶ ይዤ ነው።» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው «ደምሰው! ሻዩ አልደረሰም?» ብለው ተጣሩ።

ልጃቸው ብርጭቆዎቹን ይዞ ሲገባ ፊቱን እንደ አዲስ አየሁት። ብርጭቆውን መቀበል ረሳሁ።

አቶ በላቸው አስተውለውኝ ነበር። ሻዩን ሳይነኩ «እስከ ዛሬ ስለዚያኛው ደምሰው ማንንም አልጠየቅሁም» አሉ። «እዚህ አገር ያገሬን ሰው አግኝቻለሁ፤ መጠየቅ እችል ነበር። ካልጠየቅሁ በሕይወት አለ ብዬ ነው። ብልህ ልጅ ነው፣ አንድ ቦታ ደርሷል፣ ምናልባት ሐኪም ሆኗል እላለሁ። አሁን ግን ሳልጠይቅ መሞት አልፈልግም። ደምሰው የት ደረሰ?»

አላውቅም ልል ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው፤ በሰላም ቢሄዱ ምን ይጎዳል? ግን ክፍል ውስጥ ጥያቄዬን ሸሽተው አያውቁም ነበር። ነገርኳቸው። በማግስቱ የሆነውን፣ «ስሜን አስጽፌያለሁ» ያለውን፣ የእናቱን አገልግል፣ ሁሉንም። ልጃቸው ትሪውን እንደያዘ ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ሰማ።

አቶ በላቸው አላለቀሱም። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተኙትና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሐሳብ ባለቤት ያስፈልገዋል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያንን ባላስተምረው ኖሮ ዝም ይል ነበር።»

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «እርስዎ ያስተማሩትማ ሁላችንንም ነበር። የተነሳው እሱ ነው።»

ልጃቸው ትሪውን አስቀምጦ አባቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ዳድ፣ ስሜ የአያቴ ስም ነው ያልከኝ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ስምንት አልሞላውም» አልኩት።

ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። አባቱ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑለት። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያለቅሰው ደምሰው የሚባል ሰው ነበር፤ የሚለቀስለትም ደምሰው የሚባል ልጅ።

ሊሸኙኝ ሲነሱ አቶ በላቸው «የክርስትና ስሙን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቀው ነበር። እናቱ በዚያ በር ላይ የጮኹት በክርስትና ስሙ ነው። ወልደ ገብርኤል።

በሚቀጥለው ወር አሌክሳንድሪያ አጠገብ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደረጉለት። ብዙ ሰው አልነበረም። እኔ፣ አባትና ልጅ፣ አልማዝና እህቷ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው ልጄና ማህሌት። አቶ በላቸው ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ካህኑ ወልደ ገብርኤል የሚለውን ስም ሲጠሩ ልጃቸው የአባቱን ክንድ አጥብቆ ሲይዝ አየሁት። ማህሌት እጄን ይዛ «ሁ ኢዝ ሂ?» አለችኝ። «ከኔ ጋር የተማረ ልጅ ነው፤ ቤት ስንገባ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አልኳት። በአማርኛ «እሺ» አለችኝ።

ጸሎቱ አልቆ ውጭ ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ አቶ በላቸውን አስቀመጥናቸው፤ ልጃቸው መኪናውን ሊያመጣ ሄደ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ትንፋሻቸው ረጋ ያለ መሰለኝ። ወደኔ ዞር አሉ።

«እሺ» አሉ፣ «ሌሎቹስ? ሌሎቹ ልጆች የት ደረሱ? ሁሉንም ንገሪኝ፣ የሞተውንም ያለውንም። ከእንግዲህ አልፈራም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ። ክፍሉን በሐሳቤ ዞርኩት፤ ከፊተኛው ወንበር ከሚቀመጡት ጀመርኩላቸው።